እንደ ኩራዝ ወይስ እንደ አምፖል?

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ሞተሯ 1300፣ ባትሪዋ 6 ቮልት የሆነ ቮልስዋገን ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በቆመችበት ሁሉ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ ጣሪያዋን ቸብ ቸብ ያደርግና፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውን ቮልስ ሳያነሣ አያልፍም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስብ የኖርኩት ስለ ሕመሟ ነው። ደኅና ስትሄድ ቆይታ ትጠፋለች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ተነሥታ ትሄዳለች። ሦስት ጋራዥ ወሰድኳት። ሦስቱም ጋ ስትደርስ ጤነኛ ነበረች፤ ሦስቱም ጋ አንድ አንድ ነገር ተቀይሮላት ተመለሰች፤ ከሦስቱም በኋላ መንገድ ላይ ቆመችብኝ።

አራተኛው ሰው ጋ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ፣ ልሽጣት ወይስ ላቁማት የሚለውን ለመጠየቅ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ፣ አሁን ሰባዎቹን ያለፉ መካኒክ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህም ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር በርጩማ ሰጡኝ።

እኔ፦ ቁልፉ ይኸው ጋሼ። የኋላውን ኮፈን ልክፈትልዎት?

ጋሼ፦ ተይው ልጄ፣ አይከፈት። መጀመሪያ ቁጭ በይ። አሁን ታማለች?

እኔ፦ አሁንማ ደኅና ናት። እዚህም የመጣሁት በእሷ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው አሁን ብከፍታት የማየው ደኅና ሞተር ነው። ከደኅና ሞተር ላይ በሽታ ልፈልግ? ወባ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ገበያ ይወጣል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ሐኪሙ ደሙን ለማየት የሚፈልገው ሲያንቀጠቅጠው ነው። የአንቺም መኪና በሽታዋ እንደ ወባ የሚመጣና የሚሄድ ነው። እነዚያ ሦስቱ ምን ምን ቀየሩ?

እኔ፦ የመጀመሪያው ቦቢናዋንና ኮንዴንሰሩን። ሁለተኛው የቤንዚን ፓምፑን። ሦስተኛው ካርቡራቶሩን ሙሉ በሙሉ፣ ካንዴላዎቹንም ጭምር። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ግን አልጣልኳቸውም፤ በካርቶን አድርጌ ከኋላ ወንበር ጀርባ አስቀምጫቸዋለሁ።

ጋሼ፦ ያንን በማድረግሽ ተባረኪ። ሰዎቹንም አትቀየሚያቸው። በቦቢና የጀመረው ሰው ያለ ምክንያት አልጀመረም። ቦቢና ከባትሪሽ 6 ቮልት ተቀብላ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ አድርጋ ነው ለካንዴላ የምታቀብለው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይህንን በሴኮንድ 100 ጊዜ ታደርገዋለች። ውስጧ ፀጉር የሚያህል ሽቦ እየተደራረበ ተጠምጥሟል። ስትሞቅ ሽቦው ወይም መከለያው የሆነ ቦታ ላይ ይላቀቃል፣ ስትቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ስለዚህ «ሞቃ ትጠፋለች፣ ቀዝቅዛ ትነሣለች» ሲባል የሁሉም እጅ ወደ ቦቢና ይሄዳል። ጥርጣሬው ልክ ነው። ያጠፋው ጥርጣሬውን ሳያጣራ ገንዘብሽን ማስወጣቱ ነው።

እኔ፦ ሌላው ደግሞ በሽታዋ ስላልጠፋ «ቦቢና አይደለም ማለት ነው፣ ፓምፕ ነው» አለ።

ጋሼ፦ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የቮልስ ዕቃ ስለማይጠፋ ደግሞ ይህ መንገድ ቀላል ይመስላል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ግን አዲስ ዕቃ ሁሉ ደኅና ዕቃ አይደለም። አንድ በሽታ ይዛ የገባች መኪና አዲስ ተብሎ በተገጠመላት ዕቃ ሁለተኛ በሽታ ጨምራ ስትወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ምልክቱ ይደባለቅብሻል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። እስቲ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትጠፋ እንደ ኩራዝ ነው የምትጠፋው ወይስ እንደ አምፖል?

እኔ፦ አልገባኝም ጋሼ።

ጋሼ፦ ኩራዝ ጋዙ ሲያልቅበት ድንገት አይጠፋም። ይደበዝዛል፣ ትር ትር ይላል፣ አንዴ ከፍ ብሎ ያበራል፣ ከዚያ ነው ድርግም የሚለው። አምፖል ግን መብራት ሲሄድ አይሰናበትሽም። ሞተርም እንዲሁ ነው። እሳት የተቋረጠበት ሞተር በቢላ እንደተቆረጠ ነው፤ ቁልፉን አንቺ ራስሽ የዘጋሽው ይመስልሻል። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ይንተባተባል፣ ይነጥራል፣ እግርሽን ከቤንዚን ፔዳሉ ስታነሺ ትንሽ ያገግማል፣ ስትረግጪው ይብስበታል። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ጥቂት ቤንዚን እስክታልቅ ነው ያ ሁሉ።

እኔ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ ልብ ብዬ አላውቅም። መንተባተብ ስትጀምር… ይኸው አሁን «መንተባተብ» ብያለሁ፤ ግን እርስዎ ስላሉት ይሁን በትክክል ሰምቼው ይሁን አላውቅም። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋብኛል፣ እደነግጣለሁ፣ ዳር ለመያዝ ነው የማስበው።

ጋሼ፦ ይህንን ማለትሽ ጥሩ ነው። ካልሰማሽው አልሰማሁም በይ። ባለመኪና እኔን ለማስደሰት የሚነግረኝ ነገር ከዝምታው ይልቅ ያሳስተኛል። የት ነው የምትቆመው?

እኔ፦ እሱን በደንብ አውቃለሁ። እሑድ እሑድ አክስቴን ለመጠየቅ ከገርጂ ተነሥቼ በስድስት ኪሎ አድርጌ ከሽሮ ሜዳ በላይ እወጣለሁ። እዚያው ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ነው የምትቆመው። ዳገት አትችልም። አንድ ቀን አንድ ባለ ታክሲ ወርዶ አየልኝና ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ነው አለኝ። ጨርቅ በውኃ ነክሮ ፓምፑ ላይ አደረገው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሣች! ከዚያ ወዲህ ጨርቅና ውኃ የሞላ ሃይላንድ ሳልይዝ አልወጣም። በቆመች ቁጥር ጨርቁን አደርግላታለሁ፣ ሁልጊዜም ትነሣለች።

ጋሼ፦ ጨርቁ ነው ያስነሣት ወይስ ሃያው ደቂቃ?

እኔ፦ …

ጋሼ፦ ጨርቅ ሳታደርጊ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለሽ አይተሻል?

እኔ፦ አላየሁም።

ጋሼ፦ ባለ ታክሲው ውሸት አልነገረሽም። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3000 ያልፋል። ውኃ እንኳ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ቤንዚንም ቆላ ካለው ቀድሞ ይተናል፤ ቱቦው ውስጥ አረፋ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ አየር ነው የሚውጠው። እንዲህ ዓይነት በሽታ አለ። ግን መኖሩ የአንቺ መኪና በሽታ እሱ ነው አያሰኝም። ቁም ነገሩ ይኸውልሽ፦ በራሷ ጊዜ በምትድን መኪና ላይ ያደረግሽላት ሁሉ ያዳናት ይመስላል። ጨርቅ አድርጊ፣ ትነሣለች። ጎማዋን እርገጪ፣ ትነሣለች። ሰው በዚህ ተሸውዶ ዕድሜውን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይዞራል።

(ይህንን ሲሉ ተናድጄ እንደነበር አልደብቅም። ያ ጨርቅ ለሁለት ዓመት መተማመኛዬ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሃያው ደቂቃ ከአእምሮዬ አልወጣም አለ።)

እኔ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እርስዎ እዚህ፣ በሽታው እዚያ ሽሮ ሜዳ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ደብተር ግዢ። መኪናዋ በወጣች ቁጥር፣ ብትቆምም ባትቆምም ጻፊ። ስንት ሰዓት እንደተነሣሽ፣ ስንት ደቂቃ እንደሄደች፣ ፀሐይ ይሁን ዝናብ፣ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ስንት ሰው እንደጫንሽ፣ የቤንዚን ጌጁ ምን እንደሚል፣ እንደ ኩራዝ ይሁን እንደ አምፖል። ያልቆመችበትን ቀን መጻፍ አትርሺ፤ እሱ ነው ብዙ የሚናገረው። ጨርቁን እቤት ተይው። ይህችን አሮጌ ካንዴላ ደግሞ ያዢ።

እኔ፦ ምን አደርጋታለሁ?

ጋሼ፦ ስትቆም አንዱን የካንዴላ ገመድ ንቀዪ፣ ይህችን ካንዴላ ጫፉ ላይ ሰኪያት፣ የብረት አካሏን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኪ፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያስነሣ። ገመዱን በእጅሽ አትያዢ፤ ደረቅ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዢው። ሰማያዊ እሳት ጠቅ ጠቅ ካለ ሞተሩ የጠፋው በእሳት እጦት አይደለም። እሳት ከሌለ ወደ ቦቢናና ወደ ፑንቲና እንመለሳለን። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን እዚያው፣ ሳትቀዘቅዝ መሆን አለበት።

እኔ፦ የቤንዚኑን ቱቦ ደግሞ ነቅዬ ቤንዚን ይምጣ አይምጣ ልይ?

ጋሼ፦ በፍጹም! እሱን እንዳታደርጊ። ከትኩስ ሞተር አጠገብ፣ አሁን እሳት ስታስጭሪበት በነበረው ቦታ፣ ቤንዚን ታፈሻለሽ? ልጄ፣ ይህችን መኪና እርጅና አይገድላትም፤ እሳት ነው የሚገድላት። የሞተሯ ገላ ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ብረት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ በውኃ የሚጠፋ እንዳይመስልሽ። በጨርቅ የተሸፈነው የቤንዚን ቱቦዋ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ደኅና መስሎ ሲታጠፍ ላብ ያወጣል። የአንቺን ዛሬውኑ ሳልቀይር አልለቅሽም። ይህ በሽታዋን ፍለጋ አይደለም፤ ለነፍስሽ ነው።

(ቱቦውን ቀየሩት። ሌላ ምንም አልነኩም። ከዚያ ወዲያ ለአምስት እሑድ ጻፍኩ፤ በመካከሉ ያሉትን የሥራ ቀናትም እንዲሁ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደብተሩን ይዤ ተመለስኩ።)

ጋሼ፦ አንብቢልኝ፤ መነጽሬ አይደርስም።

እኔ፦ ጥቅምት 3፣ 31 ደቂቃ ሄዳ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ቆመች። ፀሐይ ነበር። እንደ ኩራዝ። ጥቅምት 10፣ በ24 ደቂቃ ስድስት ኪሎ ሳልደርስ ቆመች፤ ደመና ነበር፤ እንደ ኩራዝ። ጨርቅ አላደረግኩም፤ 25 ደቂቃ ቁጭ አልኩ፣ ተነሣች።

ጋሼ፦ ጨርቁ ተሰናበተ።

እኔ፦ ተሰናበተ። ጥቅምት 17 አልቆመችም። እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥታ ተመለሰች፤ የቀኑ ሙቀት ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር። ጥቅምት 24 በ27 ደቂቃ፣ እንደገና እንደ ኩራዝ። ኅዳር 1 ለቅሶ ስለነበረብኝ በቀለበት መንገድ ሄድኩ፤ ሜዳ ላይ በ26 ደቂቃ ቆመች። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ስለነበር ሞተሪኖውን እሱ አስነሣ፣ እኔ ካንዴላዋን ያዝኩ። ጋሼ፣ እሳቱ ሰማያዊ ነበር! ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። እየቆመች፣ አልነሣ እያለች፣ እሳቱ ግን ደኅና ነው።

ጋሼ፦ እሰይ! ቦቢናው፣ ኮንዴንሰሩ፣ ፑንቲናው፣ ገመዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነጻ ወጡ። ኩራዝ ነው። ጋዝ ነው ያጠረው። ዳገቱስ?

እኔ፦ ዳገቱም አይደለም። አንዴ ዳገት ወጥታ አልቆመችም፤ አንዴ ሜዳ ላይ ቆማለች።

ጋሼ፦ ዳገቱን እኔ መጀመሪያም አላመንኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ሳልባቲዮዋ ከፊት። ዳገት ስትወጣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ከሞተሩ በላይ ይሆናል፣ ቁልቁል ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ለሌላ መኪና ዳገት ቤንዚንን ያከብድ ይሆናል፤ ለእሷ ያቀላል። ቤንዚን የሚያጥራት ዳገት ላይ ነው ስትዪኝ የሆነ ነገር ልክ አልመጣልኝም። እስቲ አሁን ስለ ጌጁ የጻፍሽውን ብቻ አንብቢ፤ ሌላውን ተይው።

እኔ፦ ጥቅምት 3፣ ሙሉ። 10፣ ሙሉ፤ አፉ ድረስ። 17፣ ከግማሽ በታች። 24፣ ሙሉ። ኅዳር 1… ሙሉ።

ጋሼ፦ 17 ለምን ጎደለ?

እኔ፦ ቅዳሜ ማታ ነው ሁልጊዜ የምሞላው፣ ለእሑድ ብዬ። ያን ቅዳሜ ማደያው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበርና ትቼው ገባሁ። በሥራ ቀን እየጎደለ ይሄዳል። በሥራ ቀን ደግሞ አንድም ቀን አልቆመችም… ጋሼ! ቤንዚን ሲሞላ ነው እንዴ የምትቆመው? ቤንዚን ሞልቶ ቤንዚን ያጥራታል?

ጋሼ፦ ደብተሩ ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም።

(ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ይህንን ዐምድ የሞላሁት ስለታዘዝኩ ብቻ ነበር። በራሴ ቢሆን ፀሐዩንና ዳገቱን ብቻ ነበር የምጽፈው፤ አስቀድሜ የወሰንኩት እነሱን ነበራ።)

ጋሼ፦ ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ ምን ተሠራ?

እኔ፦ ሞተሯ ላይ? ምንም።

ጋሼ፦ ሞተር አላልኩሽም። መኪናዋ ላይ።

እኔ፦ ምንም… የአባቴን ሙት ዓመት ስናወጣ ቀለም ተቀባች እንጂ። የፊት ኮፈኗ ሥር ዝገት ነበር፤ ላሜራው ተበየደ፣ ስቱኮ ተለቀለቀ። የሳልባቲዮው ክዳን ጎማም ተቀዶ ስለነበር አዲስ ተደረገለት። መቆም የጀመረችው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ወር ገደማ ነው። ግን ጋሼ፣ ቀለም ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ቢጫውን ጀሪካን ታውቂዋለሽ? ውኃ ስትቀጂበት አፉ ብቻ ክፍት ከሆነ ግልግል፣ ግልግል እያለ ነው የሚቀዳው። ለምንድን ነው?

እኔ፦ አየር ስለሚፈልግ። ውኃው ሲወጣ አየር ካልገባበት አይወርድም። ሰው ከላይ በኩል በሚስማር ይበሳዋል።

ጋሼ፦ የያዝሽውን ሃይላንድ ደግሞ አፍሽ ላይ አድርገሽ ስትስቢው ይጨማደዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ውኃውም እንቢ ይላል። ሳልባቲዮም ከዚህ አይለይም። ፓምፑ ጉልበተኛ አይደለም፤ ሞተሩ በዘንግ ገፋ ገፋ የሚያደርጋት አንዲት ቀጭን ሽፋን ናት። እሷ ቤንዚን በሳበች ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። የአየሩ መግቢያ በአንዳንዱ ስሪት ክዳኑ ላይ ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ከሳልባቲዮው አፍ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። የአንቺዋ ቱቦ አላት። አሁን አስቢ፤ ቱቦው ቢደፈን፣ ክዳኑም አዲስ ጎማ ለብሶ ግጥም ቢል?

እኔ፦ አየር አይገባም። ፓምፑ እየሳበ እየሳበ… ግን ያ ሲሞላም ሲጎድልም ያው መሆን የለበትም?

ጋሼ፦ ከሳልባቲዮው ውስጥ የሚላላው ቤንዚኑ አይደለም፤ ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ነው። 40 ሊትር ከሚይዘው ውስጥ 20 ሊትሩ ባዶ ከሆነ አንድ ሊትር ቤንዚን ቢወጣ ያ ሁሉ አየር ትንሽ ላላ ይላል እንጂ ለፓምፑ አይሰማውም። አፉ ድረስ ሞልተሽው ከላይ የቀረው አየር ሁለት ሊትር ብቻ ከሆነስ? አንድ ሊትር ቤንዚን ሲወጣ ያቺው አየር የነበራትን ቦታ ተኩል ትሞላለች፤ እጅግ ትሳሳለች። ከውጭ ሆኖ ቤንዚኑን ወደ ፓምፑ የሚገፋው አየር ደግሞ እዚህ ደጋ ላይ መጀመሪያውኑ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ሞልተሽ በወጣሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፓምፑ ይሸነፋል፣ ኩራዙ ትር ትር ይላል። ስትቆም ደግሞ በክዳኑ ዙሪያ ቀስ እያለ የሚሾልክ አየር አለ፤ በሃያ በሃያ አምስት ደቂቃ ይሞላል። እንግዲህ ሃያ ደቂቃሽ ይኸው። የምትቀዘቅዝ ይመስልሽ ነበር፤ የምትተነፍስ ነበረች።

(ይህችን ቃል ሲናገሩ መኪናዋን ዞሬ አየኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተይዞ የነበረው ትንፋሿ ነበር ለካ።)

እኔ፦ ተገኘ በሉኛ ጋሼ! ቱቦውን እንክፈተው።

ጋሼ፦ ገና አልተገኘም። እስካሁን ያለን ጥሩ ወሬ ነው። የቦቢናውም፣ የፓምፑም፣ የጨርቁም ወሬ ጥሩ ነበር። ሄደሽ አፉ ድረስ ሙያትና ነይ።

(ሞልቼ መጣሁ። መሪውን እሳቸው ያዙ። በቀለበት መንገድ፣ ሜዳውን ብቻ ይዘን ዞርን። እኔ ሰዓት እመለከታለሁ። በ23ኛው ደቂቃ መንጠር ጀመረች፤ እግራቸውን አነሡላት፣ አገገመች፤ ረገጡ፣ ተንተባተበች። ዳር ይዘው እስክትጠፋ ጠበቋት። ወርደን የፊቱን ኮፈን ከፈቱት።)

ጋሼ፦ ጆሮሽን አቅርቢ። አሁን ክዳኑን አንቺ ክፈቺው፤ ቀስ ብለሽ።

እኔ፦ ፍስስስስ… ጋሼ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው! ጎማው መዳፌ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ጋሼ፦ ክፍቱን ተይውና አስነሺያት።

እኔ፦ ተነሣች! አንድ ደቂቃ እንኳ አላረፈችም!

ጋሼ፦ አላረፈችም፤ አልቀዘቀዘችም። ጥሩ። አሁን ወደ ቤት።

(ግቢ ስንደርስ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። የቀጭኑን ቱቦ ጫፍ በሽቦ ሲወጉት የጥርስ ሳሙና ደርቆ የቀረ የሚመስል ነጭ ነገር እየተፈረካከሰ ወረደ፤ ስቱኮ ነው፣ ላዩ ላይ ቀለም አለበት። ዝገቱን ሲሸፍን የነበረው ሰው ከታች ያለችውን ቀዳዳ የዝገት ቀዳዳ መስላው ሳይሆን አይቀርም በጥንቃቄ ደፍኗታል። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ቀዳዳዋ ምን እንደሆነች ብቻ አላወቀም። በማግስቱ እንደገና ሞልተን አንድ ሰዓት ከሩብ ነዳናት፤ አልቆመችም። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።)

ጋሼ፦ አሁን መልሰን እንድፈነው።

እኔ፦ ምን? ድና ሳለ?

ጋሼ፦ ትናንት ከቆመች በኋላ ዛሬ አንድ ቀን ሄደች። በጥቅምት 17ም ሄዳልሽ ነበር። በሽታው በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ዛሬ የሄድነው በእኛ ሥራ ይሁን በእሱ ፈቃድ በምን እናውቃለን? እኔ አምጪው ስል የሚመጣ፣ ሂድ ስል የሚሄድ ከሆነ ያን ጊዜ በእጄ ነው።

(ቱቦውን በጎማ ቡሽ ወተፉት። ሞላናት፤ ነዳናት። በ25 ደቂቃ ቆመች። ቡሹን ነቀሉት፤ ውስጧ ሲተነፍስ ሰማነው፤ ተነሣች። በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ያው ሆነ። ቡሹን ለእኔ ሰጡኝ። አሁንም የዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ አለ።)

እኔ፦ ስንት ልክፈል ጋሼ? ስንት ቀን አደከምኩዎት፤ የቀየሩት ግን የቤንዚን ቱቦ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ የቱቦውን ክፈዪ፣ የቀኑንም እንነጋገራለን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ያለችን ይህችው ናት፣ በዕውቀት እናቆያት። ያ ካርቶን የት አለ ያልሽኝ? አምጪው።

(ካርቶኑን ከኋላ ወንበር ጀርባ አወጣሁ። የአባቴን ቦቢና በሽቦ አያይዘው ሞከሩት፤ እሳቱ ሰማያዊ ነበር። ፓምፑን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፤ በአውራ ጣታቸው ቀዳዳውን ዘግተው ሲስብ አሳዩኝ። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተዋል ብዬ ነበር ይዣቸው የዞርኩት።)

ጋሼ፦ ይህ ፓምፕ ከአዲሱ ይሻላል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ያወጡት ነው፤ ሽፋኑ ብቻ ታድሷል። አባትሽ ሳያሳድሰው አይቀርም።

እኔ፦ ያሳድሰዋል። ዕቃ መጣል አይወድም ነበር። መልሰን እንግጠመው ጋሼ? ፓምፑንም፣ ቦቢናውንም፣ ካርቡራቶሩንም?

ጋሼ፦ እንገጥማቸዋለን። ዛሬ ፓምፑን ብቻ። ሳምንት ሙሉ ነጂያትና ጻፊ። ቦቢናውን በሚቀጥለው ቅዳሜ።